ከአሮጌ ራዲዮ የክራርና የጊታር ማጉያ ስለ መሥራት

የኤሌክትሪክ ትምህርት በክፍል ውስጥ ሲሰጥ ተማሪው የኦምን ሕግ ይጽፋል፤ በካፓሲተር ውስጥ የሚጠራቀመውን ጉልበት ያሰላል፤ የትራንስፎርመርን ጠባይ በሥዕል ይረዳል። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ በአንድ ዕቃ ውስጥ ተገናኝተው አንዱ ለሌላው እንዴት እንደሚሠራ በዓይኑ ለማየት ብዙ ጊዜ ዕድል አያገኝም። ይህን ጉድለት ሊሞሉ ከሚችሉት ዕቃዎች መካከል አንዱ በቫልቭ የሚሠራው የሙዚቃ መሣሪያ ማጉያ ወይም አምፕሊፋየር ነው። ቫልቭ ከመስተዋት የተሠራ በመሆኑ ውስጡ ይታያል፤ ሲሞቅ ክሩ ይቀላል፤ የማጉያው ክፍሎችም ጥቂት ስለሆኑ አንድ ተማሪ የእያንዳንዱን ሥራ ለይቶ ሊያውቅ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ የተሰናዳው በገዳሪፍና በአካባቢው፣ እንዲሁም ከድንበሩ ወዲህ በመተማና በሑመራ በኩል የሚገኙትን መምህራንና ተማሪዎች በማሰብ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለዚህ ምርጫ ምክንያት አለ። የኦምዱርማን ራዲዮ በ1940 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሱዳን ዘፈን ድንበር ሳይገታው በኢትዮጵያም ሲደመጥ ኖሯል፤ መሐመድ ወርዲም በኢትዮጵያ እጅግ የተወደደ ዘፋኝ ነበር። የሱዳን ዜማ እንደ ኢትዮጵያ ዜማ በአብዛኛው በአምስት ድምፆች ላይ የተመሠረተ ስለሆነ የአንዱ ዘፈን ለሌላው ጆሮ እንግዳ አይደለም። ያን ዘፈን ያሰሙ የነበሩት የቫልቭ ራዲዮዎች አገልግሎታቸው አብቅቶ በጓዳና በጥገና ሱቅ ጥግ ተቀምጠው ሊገኙ ይችላሉ። ለያዝነው ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ አብዛኛው በእነዚህ ውስጥ አለ።

በሌላ በኩል ይህ ምድር ሰው በሁለቱም አቅጣጫ የሚሰደድበት ነው። በገዳሪፍ ክፍለ ግዛት የሚገኘው የኡም ራኩባ ሰፈር በ1980ዎቹ የኢትዮጵያን ስደተኞች ተቀብሎ ነበር፤ በ2000 ከተዘጋ በኋላም በ2020 እንደገና ተከፈተ። በ2023 የሱዳን ጦርነት ሲጀመር ደግሞ ብዙ ሕዝብ በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገረ። እንዲህ ባለ አካባቢ የወደቀ ዕቃን አንሥቶ ለሠርግ ወይም ለትምህርት ቤት በዓል የሚያገለግል ማጉያ ማድረግ የሚችል ሰው ሙያው በሄደበት ሁሉ ይጠቅመዋል።

ነገር ግን አንድ ከባድ ጉዳይ አስቀድሞ መነገር አለበት። ከእነዚህ አሮጌ ራዲዮዎች አንዳንዶቹ ከክራር ወይም ከጊታር ጋር ቢገናኙ መሣሪያውን የያዘውን ተማሪ ሊገድሉ የሚችሉ ናቸው። የትኞቹ እንደሆኑ፣ ለምንስ እንደሆነ ማወቅ ማጉያውን ከመሥራት ይቀድማል። ይህንንም ለማወቅ ማጉያ ምን እንደሚሠራ በትክክል መረዳት ያስፈልጋል።

ማጉላት ማለት ምን ማለት ነው?

«ማጉያ» ሲባል ብዙ ሰው ትንሹ ድምፅ ራሱ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ትልቅ የሚሆን ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በአትባራ ወንዝ ላይ በ1964 የተጠናቀቀውን የኸሽም አል-ጊርባ ግድብ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ግድቡ ከኢትዮጵያ ደጋ በተከዜና በጓንግ የሚወርደውን ውኃ አቁሮ በቦይ ወደ አዲስ ሐልፋ እርሻ እንዲልክ የተሠራ ነው። የቦዩን በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሠራተኛ ያን ሁሉ ውኃ በክንዱ ይገፋዋል ብንል ሐሰት ነው። ውኃውን የሚገፋው የቆመበት ከፍታ ነው፤ ሠራተኛው በሩን ከፍ ዝቅ እያደረገ ያዝዛል እንጂ አይገፋም። ውኃው ግን የእጁን እንቅስቃሴ ተከትሎ ይበዛል፣ ይቀንሳል።

ማጉያም እንዲሁ ነው። ከጊታር የሚመጣው ምልክት 0.1 ቮልት ያህል ነው። ይህ ምልክት 1 ሚሊዮን ኦም በሆነ መግቢያ ላይ ቢያርፍ የሚሰጠው ኃይል ከዋት መቶ ሚሊዮንኛ እጅ አይበልጥም። ከስፒከሩ የምንፈልገው ደግሞ 5 ዋት ነው። ልዩነቱ 500 ሚሊዮን ጊዜ ነው ማለት ነው። ይህን ያህል ኃይል ከክር ሊወጣ እንደማይችል ግልጽ ነው። ኃይሉ የሚመጣው ከግድግዳው ሶኬት ነው፤ ክሩ የሚሰጠው ትእዛዝ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ኃይሉን የሚያቀርበው ክፍል ለማጉያው ጥራት አስፈላጊ ነው። ሁለተኛ፣ አደጋው ያለው በዚሁ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም በማጉያው ውስጥ የክራሩ ትእዛዝና የግድግዳው ኃይል ጎን ለጎን ይተላለፋሉ። የሠሪው ትልቁ ግዳጅ ሁለቱ ተለያይተው እንዲኖሩ ማድረግ ነው።

የቫልቭ አሠራር

ቫልቭ አየሩ የተመጠጠ የመስተዋት ጠርሙስ ነው። በመካከሉ ካቶድ የተባለ ክፍል አለ፤ በውስጡ ያለው ክር ሲያሞቀው ኤሌክትሮኖችን ይለቃል። በውጭ በኩል አኖድ የተባለ የብረት ሰሌዳ ይከበዋል። አኖዱ በአዎንታዊ ቮልቴጅ ሲያዝ ኤሌክትሮኖቹን ይስባል፤ አሉታዊ ሲሆን ግን አይስብም። እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ በ1904 ይህን ጠባይ ተጠቅሞ ፍሰትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን ዳዮድ ሠራ። አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት ደግሞ በ1906 በካቶዱና በአኖዱ መካከል ሦስተኛ ክፍል አስገባ፤ ይኸውም ግሪድ ነው።

ግሪዱ ከላይ በተሰጠው ምሳሌ የቦዩ በር ማለት ነው። ከካቶዱ ይልቅ ትንሽ አሉታዊ ሆኖ ሲቀመጥ የኤሌክትሮኖቹን ፍሰት በከፊል ያግዳል። የጊታሩ ምልክት ግሪዱን ትንሽ ከፍና ዝቅ ሲያደርገው በአኖዱ በኩል የሚያልፈው ፍሰት ያንኑ ተከትሎ ይለዋወጣል። በአኖዱ መንገድ ላይ 100 ሺህ ኦም የሆነ ሬዚስተር ብናስቀምጥ የፍሰቱ ለውጥ የቮልቴጅ ለውጥ ይሆናል። ኢ.ሲ.ሲ.83 የተባለው ቫልቭ በዚህ ዓይነት ሲያያዝ ምልክቱን 60 ጊዜ ያህል ያሳድገዋል። በአንድ መስተዋት ውስጥም ሁለት ትሪዮዶች ስላሉት እንደ ሁለት ቫልቭ ያገለግላል።

የጊታር ማጉያ ታሪክ ከራዲዮ ጥገና ጋር የተያያዘ ነው። ሊዮ ፌንደር በ1938 በካሊፎርኒያ በፉለርተን ከተማ የራዲዮ ጥገና ሱቅ ከፍቶ የነበረ ሰው ሲሆን፣ በኋላ የሠራቸው ትንንሽ ማጉያዎች ከራዲዮ የድምፅ ክፍል ብዙም የተለዩ አልነበሩም። በእንግሊዝ አገር ጂም ማርሻል በ1960ዎቹ መጀመሪያ በለንደን ከፌንደር ማጉያዎች አንዱን መነሻ አድርጎ የራሱን አወጣ። ቮክስ የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ያወጣው ባለ 30 ዋት ማጉያም በመውጫው አራት ኢ.ኤል.84 ቫልቮች ነበሩት። ይህ ቫልቭ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የአውሮፓ ፋብሪካዎች በቤት ራዲዮ ውስጥ ያስገቡት የነበረው ነው።

ራዲዮውን ስለ መምረጥ

በፊሊፕስ፣ በቴሌፉንከንና በግሩንዲግ ራዲዮዎች ውስጥ በሚገኙት የአውሮፓ ቫልቮች ላይ የተጻፈው ምልክት ትርጉም አለው። የመጀመሪያው ፊደል ስለ ማሞቂያው ክር ይናገራል። «ኢ» ከሆነ ክሩ የሚሠራው በ6.3 ቮልት ነው፤ «ዩ» ከሆነ ክሮቹ ሁሉ እንደ መቁጠሪያ በተከታታይ ተያይዘው በቀጥታ ከግድግዳው ኮረንቲ ይመገባሉ፤ «ዲ» ከሆነ ቫልቩ ለባትሪ ድንጋይ የተሠራ ነው። ሁለተኛው ፊደል ሥራውን ያመለክታል፤ «ኤል» የመውጫ ቫልቭ፣ «ሲ» ትሪዮድ፣ «ዜድ» ሁለቱንም የሞገድ ግማሾች የሚያቃና ዳዮድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ እንመለስ። የ«ዩ» ቫልቮች ያሉባቸው ራዲዮዎች ብዙውን ጊዜ የኃይል ትራንስፎርመር የላቸውም። ከሶኬቱ ሽቦዎች አንዱ በቀጥታ ከብረቱ መሠረት፣ ማለትም ከሻሲው ጋር ይገናኛል። ሶኬቱ በአንድ በኩል ሲሰካ ሻሲው ምንም ላይታይበት ይችላል፤ ተገልብጦ ሲሰካ ግን ሻሲው ሙሉ 220 ቮልት ይይዛል። ራዲዮው በእንጨትና በባክላይት ሣጥን ተሸፍኖ፣ ማዞሪያዎቹም ፕላስቲክ ስለሆኑ አድማጩ ሻሲውን አይነካውም ነበር። የጊታርን ገመድ ስናገናኝ ግን ሁኔታው ይለወጣል። የገመዱ የውጭ መሸፈኛ ሽቦ ከሻሲው ጋር ይያያዛል፤ የጊታሩ የብረት ክሮችም ከዚያው መሸፈኛ ጋር ይያያዛሉ። ስለዚህ የግድግዳው ኮረንቲ በሻሲውና በገመዱ አልፎ በተማሪው ጣቶች ላይ ይደርሳል። ተማሪው ባዶ እግሩን እርጥብ መሬት ላይ ቢቆም ውጤቱ ሞት ነው። ክራርም የብረት ክር ካለውና ክሩ እንዲሁ ከተያያዘ ከዚህ አይለይም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ፦ ትራንስፎርመር የሌለው ራዲዮ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይውልም። የ«ኢ» ቫልቮች መኖራቸው ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም፤ አንዳንድ ፋብሪካ አንድ ጥቅል ሽቦ ብቻ ያለው፣ መግቢያውን ከመውጫው የማይለይ ትራንስፎርመር ተጠቅሟል። መፈተኛው ቀላል ነው። ራዲዮው ከሶኬት ተነቅሎ፣ ማብሪያው ግን በርቶ እያለ፣ በቴስተር ከሶኬቱ እያንዳንዱ እግር እስከ ሻሲው ያለው ሬዚስታንስ ይለካል። መልሱ በሁለቱም እግሮች ብዙ ሚሊዮን ኦም መሆን አለበት። ጥቂት ኦም ወይም ጥቂት መቶ ኦም ከታየ ራዲዮው ይተዋል።

ትራንስፎርመር ለምን እንደሚያድን መምህሩ በክፍል ሊያስረዳ ይችላል። በሁለቱ ጥቅሎች መካከል የሚተላለፈው የመግነጢስ ለውጥ እንጂ ሽቦ አይደለም፤ ኃይል ያልፋል፣ የብረት ግንኙነት ግን የለም። ኢትዮጵያን ከሱዳን ጋር ለማገናኘት በመተማ በኩል ወደ ገዳሪፍ የተዘረጋው የ230 ሺህ ቮልት መስመርም ያለ ትራንስፎርመር ለአንድ አምፖል እንኳ አያገለግልም። በምሰሶው ላይ ያለው ትልቁና በራዲዮው ውስጥ ያለው ትንሹ የሚሠሩት በአንድ ሕግ ነው።

የማጉያው ክፍሎች

ማጉያው ሦስት ቫልቮች ይኖሩታል፦ ኢ.ዜድ.80 ለማቃናት፣ ኢ.ሲ.ሲ.83 ለመጀመሪያ ማጉላት፣ ኢ.ኤል.84 ለመውጫ። የመጀመሪያውና ሦስተኛው በራዲዮው ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ። ኢ.ሲ.ሲ.83 በራዲዮ ውስጥ የተለመደ ስላልሆነ መግዛት ያስፈልግ ይሆናል፤ ይህ ቫልቭና ኢ.ኤል.84 ዛሬም በስሎቫኪያ፣ በሩሲያና በቻይና ይመረታሉ።

ሀ) የኃይል ክፍል። ከሶኬቱ የሚመጣው ኮረንቲ በ500 ሚሊአምፔር ፊውዝና በማብሪያ አልፎ ወደ ትራንስፎርመሩ ይገባል። ትራንስፎርመሩ ሁለት ጊዜ 250 ቮልትና ለማሞቂያ 6.3 ቮልት ይሰጣል። ኢ.ዜድ.80 ተለዋዋጩን ኮረንቲ ወደ አንድ አቅጣጫ ያቃናዋል። የተቃናው ኮረንቲ ገና የሚወዛወዝ ስለሆነ በ50 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይረጋጋል፤ ከዚያ በ1 ሺህ ኦም ሬዚስተር አልፎ ሁለተኛ 50 ማይክሮፋራድ፣ በ22 ሺህ ኦም አልፎም ሦስተኛ 22 ማይክሮፋራድ ያገኛል። የመጀመሪያው ካፓሲተር 270 ቮልት ያህል ይይዛል፤ ቫልቮቹ ሳይሞቁ ግን ቮልቴጁ 350 ሊደርስ ስለሚችል ካፓሲተሮቹ ለ450 ቮልት የተሠሩ ይሁኑ። ከመጀመሪያው ካፓሲተር ጎን 100 ሺህ ኦም፣ 2 ዋት የሆነ ማፍሰሻ ሬዚስተር የግድ ይያያዛል፤ ጥቅሙ ከዚህ በታች ይገለጻል።

ለ) የመግቢያ ክፍል። ምልክቱ በ68 ሺህ ኦም አልፎ ወደ መጀመሪያው ትሪዮድ ግሪድ ይገባል፤ ከመግቢያው እስከ ሻሲው 1 ሚሊዮን ኦም ይደረጋል። በአኖዱ 100 ሺህ ኦም፣ በካቶዱ 1,500 ኦምና ከጎኑ 25 ማይክሮፋራድ ይያያዛል። የጎላው ምልክት በ22 ናኖፋራድ ካፓሲተር በኩል ወደ ድምፅ መቆጣጠሪያው (1 ሚሊዮን ኦም) ይሄዳል፤ ከዚያም ሁለተኛው ትሪዮድ በተመሳሳይ ሬዚስተሮች እንደገና ያጎላዋል።

ሐ) የመውጫ ክፍል። ምልክቱ በሌላ 22 ናኖፋራድ ካፓሲተር አልፎ ወደ ኢ.ኤል.84 ግሪድ ይደርሳል፤ ከግሪዱ እስከ ሻሲው 470 ሺህ ኦም ይደረጋል። የካቶዱ ሬዚስተር 135 ኦም ያህል፣ ቢያንስ 1 ዋት ሲሆን ከጎኑ 50 ማይክሮፋራድ ይያያዛል። የአኖዱ ፍሰት ከመጀመሪያው ካፓሲተር ተነሥቶ በራዲዮው የመውጫ ትራንስፎርመር በኩል ያልፋል፤ ሁለተኛው ግሪድ ከሁለተኛው ካፓሲተር ይመገባል።

የመውጫ ትራንስፎርመሩ ሥራ ሁለት የማይመጣጠኑ ነገሮችን ማስማማት ነው። ቫልቩ የሚፈልገው ጭነት 5 ሺህ ኦም ያህል ሲሆን ስፒከሩ ለምሳሌ 8 ኦም ነው። 5,000 ለ8 ሲካፈል 625 ይሆናል፤ የዚህ ካሬ ሥር 25 ስለሆነ የጥቅሎቹ ዙር ንጽጽር 25 ለ1 ይሆናል። የራዲዮው የራሱ ስፒከርና ትራንስፎርመር በፋብሪካ የተስማሙ ስለሆኑ ሁለቱን አብሮ መጠቀም ይመረጣል። ስፒከር ሳይያያዝ ማጉያውን ማሠራት ግን ትራንስፎርመሩን የሚያቃጥል ከፍተኛ ቮልቴጅ ሊያስነሣ ስለሚችል አይፈቀድም።

የእግሮቹ ቁጥር ከሥር ሲታይ ከክፍተቱ ጀምሮ እንደ ሰዓት ዘንግ ይቆጠራል። በኢ.ኤል.84 ላይ 2ኛው ግሪድ፣ 3ኛው ካቶድ፣ 4ኛውና 5ኛው ማሞቂያ፣ 7ኛው አኖድ፣ 9ኛው ሁለተኛ ግሪድ ነው። በኢ.ሲ.ሲ.83 ላይ 1ኛውና 6ኛው አኖዶች፣ 2ኛውና 7ኛው ግሪዶች፣ 3ኛውና 8ኛው ካቶዶች ናቸው፤ ለ6.3 ቮልት 4ኛውና 5ኛው አንድ ላይ ሆነው ከ9ኛው ጋር ማሞቂያውን ይሠራሉ።

የሥራው ቅደም ተከተል

1. አሮጌዎቹ የወረቀትና የኤሌክትሮላይት ካፓሲተሮች በሙሉ ወጥተው በአዲስ ይተኩ። እንደ ገዳሪፍ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት አገር ኤሌክትሮላይት ካፓሲተር ቶሎ ይደርቃል፤ በአጠቃላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ከቫልቮቹ አጠገብ አይቀመጥም።

2. ባለ ሁለት ሽቦው ገመድ ተነሥቶ ባለ ሦስት ሽቦ ይግባ፤ ሦስተኛው፣ የመሬት ሽቦው፣ በሻሲው ላይ በብሎን ጠብቆ ይታሰር። ሶኬቱ የመሬት መስመር ከሌለው ማጉያው አይሰካም። ፍሳሽ ኮረንቲ ሲኖር ወዲያው የሚቆርጥ አውቶማቲክ ማብሪያ ቢገኝ የተሻለ ነው።

3. በመጀመሪያ የኃይል ክፍሉ ብቻ ተሠርቶ ይለካ። እርሱ ትክክል ሳይሆን ወደ ሌላው አይታለፍም።

4. የማሞቂያው ሁለት ሽቦዎች እርስ በርሳቸው ተጠምዝዘው በሻሲው ጥግ ይለፉ፤ ከመግቢያው ሽቦ ይራቁ። ከሁለቱ አንዱ ከሻሲው ጋር ይያያዝ።

5. ከዚያ የመውጫው ክፍል፣ በመጨረሻም የመግቢያው ክፍል ይሠራ።

በሥራው ጊዜ ተማሪ ማወቅ የሚገባው ትልቁ ነገር ሶኬቱ ተነቅሎም አደጋው እንዳልጠፋ ነው። ሦስቱ ካፓሲተሮች በአንድነት 4 ጁል ያህል ጉልበት ይዘው ይቆያሉ። ማፍሰሻው ሬዚስተር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። 120 ማይክሮፋራድ በ100 ሺህ ኦም ሲባዛ 12 ሴኮንድ ይሆናል፤ በአምስት እጥፉ፣ ማለትም በ1 ደቂቃ ውስጥ፣ 270ው ቮልት ወደ 2 ቮልት ገደማ ይወርዳል። ሬዚስተሩ ግን ሊበጠስ ስለሚችል ሁልጊዜ ከመነካቱ በፊት በቴስተር ይለካል። ዕቃው በርቶ ሲለካ መምህሩ አጠገቡ ይኑር፤ ለኪው በደረቅ ጣውላ ላይ ጫማ አድርጎ ይቁም፤ አንዱ እጁ ከኋላው ይሁን። ምክንያቱም ኮረንቲ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲያልፍ መንገዱ በልብ በኩል ነው። ሥራው ሲያልቅም ሁሉም በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ይግባ።

መለካትና ብልሽትን መፈለግ

ማጉያው በትክክል ከተሠራ በኢ.ኤል.84 አኖድ 240 ቮልት ገደማ፣ በካቶዱ 7 ቮልት ያህል ይገኛል። የካቶዱ 7.2 ቮልት ለ135 ኦም ሲካፈል 53 ሚሊአምፔር ይሆናል፤ ይህም የአኖዱና የሁለተኛው ግሪድ ፍሰት ድምር ነው። በኢ.ሲ.ሲ.83 አኖዶች 140 ቮልት ገደማ፣ በካቶዶቹ 1.1 ቮልት ያህል ይታያል።

የኢ.ኤል.84 አኖድ ሰሌዳ ቀልቶ ከታየ ማጉያው ወዲያው ይጥፋ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ወደ ግሪዱ የሚያመራው የ22 ናኖፋራድ ካፓሲተር ማፍሰሱ ነው። ካፓሲተሩ ቀጥተኛ ቮልቴጅ ካሳለፈ ግሪዱ አሉታዊነቱን ያጣል፤ የቦዩ በር ተከፍቶ ይቀራል፤ ፍሰቱም ቫልቩን ያቃጥላል። ዝቅ ያለ ጉምታ ከተሰማ ዓይነቱ ይለይ። 100 ሄርትዝ ከሆነ የኃይል ክፍሉ ካፓሲተር ደክሟል፤ ሁለቱም የሞገድ ግማሾች ስለሚቃኑ 50 እጥፍ ሆኖ 100 ይሆናልና። 50 ሄርትዝ ከሆነ ከማሞቂያው ሽቦ ወይም ከመግቢያው ገመድ የመጣ ነው።

ክራርን ከማጉያው ጋር ስለ ማገናኘት

ክራሩ የብረት ክሮች ካሉት እንደ ጊታር በመግነጢስና በጥቅል ሽቦ ይያዛል። በቋሚ መግነጢስ ላይ ከ5,000 እስከ 8,000 ዙር እጅግ ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሞ ከክሮቹ ሥር ይቀመጣል፤ ክሩ ሲርገበገብ የመግነጢሱን መስክ ስለሚለውጥ በጥቅሉ ውስጥ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ይህ ፋራዳይ በ1831 ያገኘው ሕግ ነው። ክሮቹ የጅማት ወይም የናይለን ከሆኑ መግነጢስ አይሰማቸውም፤ ያን ጊዜ ከጩኸት ማሰሚያ ዕቃ የሚወጣ ቀጭን የፒዞ ክብ በክራሩ ገበታ ላይ ይለጠፋል። ፒዞ ከፍተኛ ሬዚስታንስ ያለው መግቢያ ይፈልጋል፤ የቫልቭ ማጉያው መግቢያ 1 ሚሊዮን ኦም በመሆኑ ይስማማዋል።

ለዚህ ዓይነቱ ጥበብ በምሥራቅ ሱዳን የታወቀ ምሳሌ አለ። የፖርት ሱዳኑ የቤጃ ሙዚቀኛ ኑሪ ከወዳደቀ ዕቃ መካከል ያገኘውን የጊታር አንገት ከታምቡራ ጋር አዋሕዶ ታምቦ-ጊታር የተባለ አንድ ብቸኛ መሣሪያ ሠርቷል። ከዶርፓ ጓዱ ጋር በ2022 ባወጣው አልበምም የዚሁ መሣሪያ ድምፅ በዓለም ተሰምቷል። ታምቡራ የክራር ዘመድ እንደመሆኑ በእርሱ ላይ የተቻለው በክራርም ላይ ይቻላል።

መስመር በሌለበትና ኃይል ከባትሪ ወይም ከፀሐይ በሚገኝበት ስፍራ ለበዓል የሚሆን ማጉያ ለሚፈልግ ሰው በ12 ቮልት የሚሠራ የትራንዚስተር ማጉያ ይቀልለዋል፤ አደጋውም ያነሰ ነው። የቫልቭ ማጉያው ብልጫ ለትምህርት ነው። በትራንዚስተሩ ውስጥ ተሰውሮ የሚፈጸመውን እርሱ በመስተዋት ውስጥ ያሳየናል፤ የሚለካውም ነጥብ ሁሉ ለቴስተር ይደርሳል።

ለክፍል የሚሆኑ መልመጃዎች

ሀ) በኢ.ሲ.ሲ.83 ካቶድ ላይ ባለው 1,500 ኦም 1.1 ቮልት ቢለካ በአኖዱ ሬዚስተር ስንት ቮልት ይቀራል? ምግቡ 215 ቮልት ከሆነ የአኖዱ ቮልቴጅ ስንት ይሆናል?

ለ) ማፍሰሻው ሬዚስተር 100 ሺህ ሳይሆን 470 ሺህ ኦም ቢሆን ማጉያው ከተነቀለ በኋላ ለመንካት ስንት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል?

ሐ) ስፒከሩ 4 ኦም ቢሆን፣ ለ5 ሺህ ኦም የትራንስፎርመሩ ዙር ንጽጽር ምን ያህል ይሆናል?

መ) ትራንስፎርመር የሌለው ራዲዮ ከጊታር ጋር ሲገናኝ ኮረንቲው ከሶኬት ተነሥቶ እስከ መሬት የሚሄድበትን መንገድ በሥዕል አመልክቱ።

መምህሩ ከአራቱ መልመጃዎች የመጨረሻውን ቢያስቀድም ይመረጣል። ያን መንገድ በትክክል ሥሎ ያላሳየ ተማሪ የብየዳ ካውያ አይሰጠውም።